ሊማሊሞ ላይ ዝም አንበል

ከደባርቅ ተነስተን ወልከፊትን እንዳለፍን ሽታው መጣ። የሚቃጠል ጎማ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኗል፤ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራት ሆነን ተጣብቀናል። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እየያዘ ይወርዳል። በመስኮቱ የሚታየው ገደል ነው። ሁላችንም ሸቶናል፤ ሁላችንም ዝም ብለናል። አጠገቤ ያለው ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከፊቴ የተቀመጡት አባት አማተቡ። እኔም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ የፊቱን ወንበር ጨምድጄ ይዤ ዝም አልኩ።

ዝምታውን የሰበሩት ከኋላ የተቀመጡ፣ በነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ በማርያም አቁም! ለቅሶ ልደርስ ነው የወጣሁ፤ ሊለቀስልኝ አልወጣሁም» አሉ። ሾፌሩ «አይዞዎት እማማ፣ እዚህ መንገድ ላይ ስመላለስ ነው ያደግሁት» ብሎ መውረዱን ቀጠለ። እሳቸው አልለቀቁትም። «አቁም አልሁህ!» አሉ። ይኸኔ ያማተቡት አባት «አቁም እንጂ» አሉ፤ ቀጥሎ ወጣቱ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ መኪናው ሙሉ። ሾፌሩ ጠርዝ ያዘ። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና እጁን ወደ ኋላ ጎማው ቢያስጠጋ ግለቱ ሳይነካው መለሰው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያልን ዛሪማ ገባን።

እኚያ እናት መሪ ጨብጠው አያውቁም። እኛን ሁሉ ግን አተረፉን። እኔ ያፈርኩት ቀድሜ ባለመናገሬ ብቻ አይደለም፤ ሽታው ምን ማለት እንደሆነ ባለማወቄም ጭምር ነው። በዚያው ክረምት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዘገብኩ። መኪና የለኝም፤ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። የገባሁት ያን ሽታ ለማወቅ ነው። ዛሬ እናንተን፣ የደባርቅን፣ የዳባትን፣ የአምባ ጊዮርጊስን፣ የጃናሞራንና የአዲ አርቃይን ሰዎች የምጠራችሁም ለዚሁ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የምናወጣም የማናወጣም የመንገድ ሕግን አብረን እንማር፤ የተማርነውንም መኪና ውስጥም መንገድ ዳርም በአፋችን እንናገረው።

ትምህርቱ ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፎቶ ኮፒ ደረሰኝ። ጥያቄ የሚባል የለበትም፤ ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው፦ 1 ሐ፣ 2 ሀ፣ 3 መ። ልጆቹ ይኸን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። አንዱን ጠጋ ብዬ «17ኛው ለምን ለ ሆነ?» ብለው «መምህር፣ ለምኑ አይመጣም፤ የሚመጣው መልሱ ነው» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚያጠና፣ በባጃጅም ቢሆን እናቱን ለማሳረፍ የሚሮጥ ልጅ ነው። መልሱ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ፈተና ላይ ለምኑ አይመጣ ይሆናል፤ ሊማሊሞ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ለምኑ ነው።

አሰልጣኞች የሚሏትን አንዲት ምክር ልጥቀስ፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። በቃል ለመያዝ ቀላል ናት፤ ለምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ግን ነዳጅ በተወደደ ቀን ይረሳታል። ፍሬን መኪናን የሚይዘው ሩጫውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ስትረግጠው የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፤ መኪናው ሲዘገይ ብረቱ ይግላል። ከነጭነቱ መቶ ኩንታል የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ በፍሬን ብቻ ከተያዘ፣ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ በርሜል ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእሷ ተነስቶ ዛሪማ ቆላ እስኪደርሱ የሚወረደው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ እሳት በየጎማው ሥር ላለች ስስ ሸራ ካሸከምናት ሸራዋ ትግልና መያዝ ትተዋለች። የፍሬን ዘይቱ ከፈላም ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ያኔ በሁለት እግር ብትቆምበት ፔዳሉ ወለል ይነካል እንጂ መኪናው አይሰማህም። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪናም በየኩርባው ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። «ፍሬን በጠሰ» ብለን እናወራለን። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ አልተበጠሰም፤ ብቻውን እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተቃጠለው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሸክሙን ሞተሩ ይካፈላል። ሞተሩ ሲያጓራ ተሳፋሪ መስጋት የለበትም፤ ያ ድምፅ መኪናው መያዙን የሚናገር ነው። የሚያስፈራው ቁልቁለት ላይ ጸጥ ብሎ የሚንሸራተት መኪና ነው።

ይኸ ለሰሜን ሰው አዲስ አይደለም። ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭነቅ ጭነት የሚያመላልሱ ባለ በቅሎዎችን እዩ። ቁልቁለት ሲደርሱ ወርደው ጭነቱን ያጠብቃሉ፤ በቅሎዋን ከፊት ይዘው ደረጃ በደረጃ ያወርዷታል እንጂ ለቀው አይነዷትም። አያቶቻችን በበቅሎ ያደረጉትን እኛ በመኪና መርሳት የለብንም።

ዘንድሮ ለፈተና የምትቀመጡ ልጆች፣ መጀመሪያ የምጠራው እናንተን ነው። አሰልጣኞቻችሁን ለምን በሏቸው። ዳገት ላይ ቆሞ የማስነሳት ልምምድ ሲደርስ ተራችሁን በአንድ ሙከራ አትሽጡት፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና የሚልባት ቅጽበት አለች። እሷን እግራችሁ እስኪለምዳት ድረስ ድገሙት። አንድ ጊዜ ተንሸራታችሁ ከኋላችሁ ያለውን ምልክት ብትገጩ ማንም አይሞትም፤ ደባርቅ ገበያ ቀን ከኋላችሁ የሚቆመው ግን አህያ የምትነዳ ሴት ናት።

ሳይማር በገንዘብ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው አለ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ሰምተን ምን አደረግን? «ጎበዝ፣ አቋረጠ» አልን። ይኸን ንግግር ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችን እናውጣው። የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1074 ወረቀቱን የሚጠራው «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ብሎ ነው። እኛ ስሙ ረዘመብንና መንጃ ፈቃድ አልነው፤ ስናሳጥረው ብቃት የምትለዋን ቃል ጣልናት። መልሰን እናንሳት። ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ አወጣ ብላችሁ ቡና ስታፈሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪና ቢገናኝ ማን ነው ቆሞ የሚያሳልፍ? ወራጁ ነው፤ ዳገት የሚወጣው ከቆመ መነሳት ይቸግረዋልና። ይኸን ካልመለሰ ቡናውን ጠጡ፤ ቁልፍ ግን አትስጡት።

ስለ ክረምቱ አንድ ነገር ልበል፤ ሐምሌ ላይ በዳባትና በደባርቅ መካከል ጉም ሲወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከፊትህ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ የሚጀምረው። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጎማውም ደህና ሆኖ፣ ጠቅላላው ከ35 ሜትር አያንስም። እርጥብ ላይ 50 ሜትር ያህል ይሆናል። ጉሙ የሚያሳይህ 20 ሜትር ከሆነ የምትነዳው በዓይንህ ሳይሆን በግምትህ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የምትንሸራተትበት ርቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት መልሶ ራስን ያሳውራል፤ አጭሩን አብርቶ፣ ዘግይቶ፣ ካስፈለገም ጠርዝ ይዞ መቆም ነው የሚሻለው። እንግዳ የሚጠብቃችሁ ቤት ካለ እራት ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ!

አሁን ወደ እኛ ወደ ተሳፋሪዎች ልምጣ። ከሁሉም የምንበዛው እኛ ነን። ኬንያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች፣ ጄምስ ሃብያሪማናና ዊልያም ጃክ፣ ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ውስጥ ተለጣፊ ወረቀት አስለጠፉ። ወረቀቱ ለሾፌሩ አይደለም የተጻፈው፤ ለተሳፋሪው ነው። ሾፌሩ ሕይወታችሁን አደጋ ላይ ሲጥል ዝም አትበሉ፣ ተናገሩት ይላል። ወረቀቱ በተለጠፈባቸው መኪናዎች ላይ ለመድን ድርጅት የሚቀርበው የአደጋ ካሳ ጥያቄ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አዲስ መንገድ አልተሠራም፤ አዲስ መኪናም አልተገዛም። የተጨመረው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ይኸን ሳነብ እኚያ በነጠላ የተከናነቡ እናት ናቸው ትዝ ያሉኝ። ጥናቱን አላነበቡትም፤ ነገር ግን ሠርተውታል።

እኛ አገር ሾፌር መናገር ነውር ይመስለናል። «ሥራውን እሱ ያውቃል» እንላለን። መኪና ላይ ከወጣን በኋላ ሁላችንም እንግዳ እንሆናለን፤ እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን አይገሥጽም። ግን ልብ በሉ፤ ከፍለን ነው የተሳፈርነው። አራተኛ ሰው ሲጨመር «ትርፍ አንቀመጥም» እንበል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲለው ጠብ ይሆናል፤ ወንበሩ ሙሉ ሲለው ሕግ ይሆናል። ስልክ እያወራ የሚነዳውን «ልጄ፣ ቆመህ አውራ» እንበለው። ማርሽ ነፃ አድርጎ ቁልቁለት ሲጀምር «ማርሽ አስገባ» እንበል። ቃሉን ሁላችንም እንወቀው፦ ማርሽ አስገባ። ወልከፊት ላይ፣ የመኪናው አፍ ወደ ቆላ ሲዞር፣ ይህችን ቃል ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚላት ቀን እንዲመጣ ነው የምፈልገው።

ይኸን ስል ሾፌሮቻችንን እየከሰስኩ አይደለም። ሊማሊሞን ለዓመታት ወጥተው ወርደው አንድ ሰው ያላስጎዱ ሽማግሌ ሾፌሮች በመካከላችን አሉ። ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያውቃሉ፤ የትኛው ኩርባ ላይ ክላክስ እንደሚነፋ፣ የትኛው ቦታ ላይ ዝናብ ከመጣ ድንጋይ እንደሚናድ፣ የት ቆሞ ፍሬን ማቀዝቀዝ እንደሚገባ። እባካችሁ አባቶች፣ ይኸን እውቀት ይዛችሁ አትቀመጡ። በሳምንት አንድ ቀን መናኸሪያ መጥታችሁ ለአዲሶቹ ልጆች ንገሯቸው። ልጆቹም «ዘመኑ አልፎበታል» አትበሏቸው። ባለንብረቶችም ብትሆኑ ሾፌሩ ስንት ጊዜ ደርሶ እንደተመለሰ ብቻ አትቁጠሩበት፤ ሸራውንና ጎማውን በጊዜ ቀይሩለት። ጎማው የላሸ መኪና ላይ ቦሎ መለጠፉ ክረምቱን አያሻግረውም።

እግረኛውስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው ነው። በሽታ አይደለም፤ ረሃብ አይደለም፤ መንገድ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ጠርዝ፣ ከብት የሚያግዱት በዚያው ጠርዝ፣ ለቱሪስት መኪና እጃቸውን የሚያውለበልቡት በዚያው ጠርዝ ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ይሂድ። ማታ የሚመለስ ሰው ጋቢውን ነጭ በነጭ ይልበሰው፤ ጥቁር ፎጣ ደርቦበት አይሂድ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ባጃጅም ሞተርም አይያዝ፤ ገንዘብ ያመጣልን እንደሆነም አይያዝ። ሞተር የሚነዳ ሰው የራስ ቁሩን መሪው ላይ ሳይሆን ራሱ ላይ ያድርገው።

ታዲያ የት ነው የምንማረው? አዳራሽ አያስፈልገንም። ዕድር አለን። ዕድራችን ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ወንበር የሚያመላልሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለመዋጮ ስንሰበሰብ ግማሽ ሰዓት እንጨምርና አንድ ሕግ እንማር። አንድ ብቻ። አንድ ወር ስለ ቁልቁለት፣ አንድ ወር ስለ ጉም፣ አንድ ወር ስለ ልጆች መሻገር። ሰንበቴውም፣ የሴቶች ማኅበሩም፣ መስጊዱም እንዲሁ። መምህራን ባልደረቦቼ፣ የትራፊክ ምልክቶችን ልጆች በሰሌዳ ላይ እንዲሥሉ እናድርግ፤ ያገኙትን ሁሉ ማታ ለአባታቸው ይነግራሉ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ቅዳሜን ስጡን። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል አለው፤ ያ የመመዝገብ ልማድ ለመንገዱም ይድረስ። የትኛው ኩርባ ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት አደጋ እንደደረሰ እያንዳንዱ ዕድር በደብተሩ ይጻፍ። ሦስት ጊዜ አደጋ የደረሰበትን ቦታ ይዘን ወደ ትራንስፖርትና ወደ መንገድ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሂድ፤ ምልክት ይተከል፣ መከላከያ ይሠራ እንበል። እስኪሠራም ድረስ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በራሳችን እንደርድር።

«ሕዝብ አይለወጥም» የሚለኝ ሰው አለ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መኪና የሚነዳበትን ጎን ከግራ ወደ ቀኝ ቀይራለች። በአንድ ቀን! የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ያኔ ልጆች ወይም ጎረምሶች ነበሩ። ሾፌሩ ብቻ አይደለም የተማረው፤ መንገድ የሚሻገረው ሁሉ የሚያይበትን አቅጣጫ ነው የቀየረው። ስዊድን እንኳ ይኸን ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሌላም አለ። ወልከፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በመስከረም 1934 እጁን የሰጠው የወገራና የሰሜን አርበኞች ለወራት ከብበው ስለያዙት ጭምር ነው። ያንን አምባ አንድ ጀግና ብቻውን አልያዘውም። ዛሬ መኪናችን የሚወርድበት መንገድ በዚያው አምባ በኩል ነው የሚያልፈው።

ይኸ አገር በቅርቡ ብዙ ቀብሯል። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጨና ድረስ ደርሶ በየቤቱ ሐዘን አስቀምጦ ሄዷል። ከዚያ የተረፈ ልጅ፣ ከዚያ የተረፈች እናት፣ በነፃ ማርሽ ምክንያት ገደል አይግቡብን። ይኸን መከላከል እንችላለን፤ ጠመንጃ አይፈልግም፣ በጀት አይጠብቅም።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። የዕድራችን ሰብሳቢ ግማሽ ሰዓቷን ፈቅደውልኛል፤ በሚቀጥለው መዋጮ ቀን የኖራ ጠመኔዬንና አንድ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይዤ እቀርባለሁ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር አብረውኝ ይመጣሉ። እናንተም በየዕድራችሁ ሰብሳቢዎቹን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በእኛ ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ጥያቄ ተዘጋጅቷል፤ ሕፃንም አዋቂም እጁን አውጥቶ እንዲመልስ ነው የምፈልገው፦ ወልከፊትን አልፈህ ወደ ዛሪማ ስትወርድ ስንተኛ ማርሽ፣ ለምንስ?